ድንጋይ ላይ የለመለመው ሣር

አንድ ገበሬ ነበረ፤ እህቱን በድንጋይ ካብ ከለየ በኋላ፣ ያንኑ ካብ ተደግፎ ያለቀሰ።

እማሆይ አጸደ ታሪኩን እንዲህ ብለው የጀመሩለት አናጢው ጌጡ ነው። ጌጡ ከታናሽ ወንድሙ ጋር አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። ወንድሙ ከጣሪያ ላይ ወድቆ ዳሌው ሲሰበር፣ ጌጡ ሥራውን ለብቻው ያዘና በወንድሙ ቦታ ሌላ ሰው አስገባ። አንድም ቀን ሄዶ ሳይጠይቀው ስምንት ወር አለፈ። በመጨረሻ እማሆይ ዘንድ መጥቶ ደጃፋቸው ላይ ካለው ጉቶ ተቀመጠና፣ «እማሆይ፣ ጥፋቴን አውቄዋለሁ። ግን አፍሬያለሁ። ሀፍረቱ እስኪለቀኝ ብቆይ፣ እጄም ትንሽ ሞላ ሲል ብሄድ አይሻልም?» ብሎ ጠየቃቸው።

እማሆይ የሚፈትሉትን ጥጥ ጭናቸው ላይ አሳርፈው ቀጠሉ።

ያ ገበሬ ይታየው ይባል ነበር። አባቱ ሲሞቱ ሁለት ማሳ ትተው አለፉ። አንደኛው ከታች፣ ከምንጩ አጠገብ ያለ ጥቁር አፈር ነው፤ እጅ ቢሰዱበት እስከ ክንድ የሚውጥ። ሁለተኛው ከላይ፣ ተረተሩ ላይ ያለ ጭንጫ ነው፤ ከአፈሩ ድንጋዩ ይበዛል፣ ፀሐይ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አይለየውም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲያካፍሉ የታችኛው ለይታየው፣ የላይኛው ለታናሽ እህቱ ለእናኑ ደረሰ።

አባትየው በሕይወት ሳሉ ሁለቱን ማሳ እንደ አንድ ነበር የሚያርሷቸው። ዝናብ ያጠረ ዓመት ጭንጫው ይነድዳል፤ የታችኛው ግን ከምንጩ እርጥበት እየሳበ ያፈራል። ዝናብ የበዛ ዓመት ደግሞ የታችኛው ውኃ ይተኛበትና ጤፉ ይበሰብሳል፤ ጭንጫው ግን ውኃውን አሳልፎ ገብሱን ይይዛል። ስለዚህ ከታች ፍግና ጭድ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ከላይ ገብስና ምስር ወደ ታች ይወርድ ነበር። ሰውየው ይህን ጥበብ ነው ብለው ለማንም አልነገሩም። ዝም ብለው ያደርጉት ነበር፤ ልጆቻቸውም ዝም ብለው ይበሉ ነበር።

አባትየው ከሞቱ ብዙም ሳይቆይ የእናኑ ባል ተከተላቸው። ልጅ አልነበራትም፤ ብቻዋን ቀረች። ሁለት ዓመት ይታየው በሬዎቹን እየነዳ ወጥቶ አረሰላት። ያርስላት ነበር እንጂ ደስ ብሎት አልነበረም። ማረሻው ድንጋይ ላይ ሲንጣጣ ልቡ ይቆጥር ጀመር፤ ይህን ያህል ቀን፣ ይህን ያህል ፍግ፣ ይህን ያህል የበሬ ጉልበት ይላል። ከላይ የወረደለትን ምስር ግን አይቆጥርም።

በሦስተኛው ዓመት ዝናብ ዘገየ። ሰኔ ሲጋመስ እናኑ ወንድሟ ማሳ ድረስ ወረደች።

«ወንድም ጋሼ፣ በሬዎቹን ለሁለት ቀን ብታውሰኝ» አለችው። «ከፍጉም ትንሽ ባገኝ፣ ድንጋዩ ዘንድሮ አይችልም።»

ይታየው ከሥራው ቀና አላለም። «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንኖረው?»

«እንዴት?»

«እኔ ያንቺን ድንጋይ ስቀልብ ነዋ! ይህ አፈር እኮ ያልቃል። አንቺም የደረሰሽን ያዢ፣ እኔም የደረሰኝን ልያዝ። ሁለት ቤት ማስተዳደር አልችልም።»

«አባባ እንዲህ አልነበረም የሚያርሰው» አለች ቀስ ብላ።

«አባባ ሞቷል።»

እናኑ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችና ዳገቱን ወጣች። ይታየው ጀርባዋን እያየ ትጠራኝ ይሆን፣ ትዞር ይሆን ብሎ ጠበቀ። አልዞረችም። ያን ዕለት የበላው አልጣመውም፤ ግን እውነት የእኔ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

በማግሥቱ በሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ ካብ መካብ ጀመረ። ወገብ እስኪደርስ ካበው፤ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። «ከብት እንዳይገባብኝ ነው» ይል ነበር ለአላፊ አግዳሚው። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ያለ ልክ መጣ። የይታየው ጤፍ ውኃ ውስጥ ተኝቶ ጠቆረ። ከካቡ ማዶ ግን፣ እሷ እያረመችለት አንድ ጎረቤት በልዋጩ ያረሰላት የእናኑ ገብስ ቢጫ ሆኖ ቆመ። ይታየው በየጠዋቱ ያየዋል። ምን ብሎ ይጠይቃል? የተናገረውን የሚያውቀው እሱ ነው። የዚያን ዓመት ቤቱ እህል አጠረው።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ካቡ ላይ ስልቻ ተቀምጦ አገኘ። ቀርቦ አየው፤ ገብስ ነው፣ እስከ አፉ የሞላ። ስልቻውን ያውቀዋል፣ የአባቱ ነበር። እጁን ሰደደ። ሊያነሣው ሲል ያቺ «አባባ ሞቷል» ያላት ቃል ትዝ አለችውና እጁ ባለበት ቀረ። ይህን ከወሰድኩ ያን ቀን የተናገርኩት ምን ነበር ሊባል ነው? ትቶት ሄደ። በነጋታውም አላነሣውም። በሦስተኛው ቀን ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። በዐሥረኛው ቀን ገብሱ በቅሎ ከስልቻው አፍ አረንጓዴ ሆኖ ወጥቶ ነበር። በማግሥቱ ስልቻው የለም። ማን እንደወሰደው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም።

በዚያው ሰሞን ነው ወደ አገሩ አዲስ ሣር የገባው። መንገድ ሠሪዎች ከሩቅ ካመጡት አፈር ጋር እንደመጣ ይነገራል። ሲያዩት ሰርዶ ይመስላል፤ ግን ሰርዶ አይደለም፤ ከብት አይበላውም። አገዳው እንደ ክር የቀጠነ ነው። መሬት ለመሬት ይሳባል፤ በየስንዝሩ ሥር እየጣለ፣ ሥር በጣለበት ሁሉ ደግሞ አዲስ ቡቃያ እያወጣ ይሄዳል። ቡቃያው ራሱን የቻለ ሣር ይመስላል። ጥቁሩ አፈር ላይ በቀለ፤ ቀዩም ላይ በቀለ፤ አመድ በሚደፋበት በቀለ፤ ሰው በሚመላለስበት በተረገጠ መንገድ ላይ ሳይቀር በቀለ። የመንደሩ ሰው «ዓይን አውጣ» የሚል ስም አወጣለት፤ የማይገባበት የለምና።

ገበሬዎቹ በእሱ ነገር ይከራከሩ ነበር። አንዱ «የእኔ አፈር ስለ ደለበ ነው የመጣብኝ» ይላል። ሌላው «የእኔ ስለ ከሳ፣ ሌላ ስለማይበቅልበት ነው» ይላል። ሁሉም የየራሱን ማሳ ያርማል። የነቀለውንም ከድንበሩ ወዲያ ይጥላል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሣሩ ይመለሳል።

ይታየው ብርቱ ሰው ነበር። ጥርንና የካቲትን ሙሉ ጥቁሩን አፈር በዶማ ገለበጠው፤ ሥሩን አንድ በአንድ ለቅሞ አቃጠለው። ማሳው እንደ ምጣድ ጠራ። ከዚያ በካቡ ሥር በኩል እንደገና ብቅ አለ። ነቀለው፤ ብቅ አለ። ከካቡ ማዶ፣ ከድንጋዩ መካከል እንደሚመጣ ገባውና፣ «ግድ የለም፣ የድንጋዩን ፀሐይ ይጨርሰዋል» አለ። መጋቢት ገባ። ተረተሩ ላይ ድንጋዩ እጅ የማያስነካ ሆነ። ሌላው ዕፅ ሁሉ ደርቆ ተሰባበረ።

አንድ ቀን ካቡን ተሻግሮ ሊያየው ሄደ። ሣሩ ድንጋይ ለድንጋይ ለምልሟል። አንድ ጣት የማይሞላ አፈር ባለበት ስንጥቅ ውስጥ ቅጠሉ ረጥቦ ያበራል። ይታየው ተናደደ። ከእኔ ማሳ የተሻለ ለምለም ድንጋይ ላይ! ተንበረከከና አንዱን ቡቃያ ይዞ ሳበ። ሥሩ እንደ ጢም ፀጉር ትንሽዬ ናት፤ እንኳን ሣር፣ ቅጠል አትይዝም። ታዲያ ይህን ሁሉ ውኃ ከየት አመጣው?

በጣቱ ክሩን ተከተለ። ክሩ በድንጋዩ ላይ አልፎ፣ በካቡ ሥር ገብቶ፣ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ፣ ዶማ ባልነካው በጥቁሩ አፈር ጠርዝ አድርጎ ምንጩ ዳር ካለው ሾላ ሥር ድረስ ሄደ። አንድ ነው። ድንጋይ ላይ ያለውና ምንጩ ዳር ያለው አንድ ሣር ነው።

ይታየው ማጭዱን አወጣና ካቡ ሥር ላይ ክሩን ቆረጠው። ከጎኑ ያለችውን ሌላዋን ክር አልነካትም፤ ለምን እንደ ተዋት እሱም አላወቀም። ወደ ቤቱ ሄደ።

በአምስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። የተቆረጠችው ክር ትመግበው የነበረው የድንጋይ ላይ ሣር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ሲነካው ይፈረፍራል። ከእሱ አንድ ክንድ ርቆ፣ በዚያው ድንጋይ፣ በዚያው ፀሐይ፣ ያልተቆረጠችው ክር ጫፍ ላይ ያለው ለምልሞ ቆሟል። ይታየው ካቡን ተሻግሮ ወደ ሾላው ወረደ። በሾላው ጥላ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጭቃ ላይ የነበረውም ገርጥቷል። ውኃ አላጣም፤ ውኃው እስከ አንገቱ ነው። ያጣው ከላይ የሚወርድለትን የፀሐይ ድርሻ ነው። የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ይልክ ነበር፤ የላይኛው ፀሐይ ወደ ታች ይልክ ነበር። አገሩን ሁሉ የያዘው በዚህ ነው። ጥሩ ቦታ የደረሰው ቡቃያ ክፉ ቦታ የደረሰውን አልቆረጠውም።

ይታየው ካቡ አጠገብ ተቀመጠ። አባቱ ፍግ የተጫነ አህያ እየነዱ ዳገቱን ሲወጡ ታዩት። በሁለቱም ጊዜ፣ በደረቁም በእርጥቡም ዓመት፣ ቤታቸው ተርቦ እንደማያውቅ ትዝ አለው። ከዚያ ሰኔ መጣበት፣ «ያንቺን ድንጋይ ስቀልብ» ያላት። ከዚያ ስልቻው። እሱ ከቆረጣት በኋላ እንኳ ከወዲያ ማዶ እጇን ዘርግታ ነበር፤ እሱ ግን ገብሱን ዝናብ ሲበላው ቆሞ አየ።

ጆሮው ጋለ። ሰው አየኝ ይሆን ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። ማንም አልነበረም። ቢሆንም ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበና ካቡን ተደግፎ አለቀሰ። ሰው ዓይን አውጣ ብሎ የሰደበው ሣር ያላደረገውን እኔ አደረግሁ አለ በልቡ።

ጌጡ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። አላለቀም።

ይታየው የዚያኑ ዕለት መሄድ ይችል ነበር። የእህቱ ቤት ከካቡ የሁለት ጥሪ ያህል ቢርቅ ነው። ተነሣ፤ ጥቂት እርምጃ ሄደ፤ ከዚያ እግሩ ተያዘ። ባዶ እጄን ሄጄ ምን እላታለሁ? ገብሷን ዝናብ እንዲበላው የተውኩ ሰው? ለፋሲካ በግ ይዤ እሄዳለሁ አለና ተመለሰ።

ፋሲካ መጣ። በግም ነበረ። የጾሙ መፈቻ ዕለት ሰው በተሰበሰበበት እንዴት ብዬ እገባለሁ አለና ቀረ። ግንቦት ላይ ዘር ይዤ እሄዳለሁ አለ። ዘሩን ሰፍሮ አስቀመጠ። ጠዋት ጠዋት ያየዋል፤ ማታ ማታ ነገ ይላል። ሀፍረቱ ሲቀል እሄዳለሁ ይል ነበር፤ ሀፍረቱ ግን በቆየ ቁጥር ከበደ። መጀመሪያ የሚያፍረው እሷን በመበደሉ ብቻ ነበር፤ ኋላ በመዘግየቱም ያፍር ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሩቅ አያት። ከስታለች። እሷም አየችው፤ ወደ እሱ ልትመጣ ስትል ይታየው ዞሮ ጨው ተራ ገባና ከተከመረው ጨው ጀርባ ቆመ። እስክትሄድ ድረስ ወጥቶ አላየም። እሷ ግን ሲደበቅ አይታዋለች።

በዚያ ዓመት ያርስላት የነበረው ጎረቤት በሬው ሞተበት። ሰኔ ገባ፤ ጭንጫው ሳይታረስ ቀረ። ሐምሌ ላይ ይታየው በመጨረሻ ቆረጠ። ዘሩን አህያ ላይ ጫነ፤ ከላይ የማር ማሰሮ አከለበት፤ ካቡን ዞሮ ዳገቱን ወጣ። የእናኑ በር ተዘግቶ፣ በመጫኛ ታስሮ ጠበቀው። ከጎን ያለችው አሮጊት ወጣች።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አለችው፤ ማን እንደሆነ እያወቀች።

«እናኑን።»

«ቆላ ወረደች። ሰሊጥ ልታርም፣ ከቀን ሠራተኞች ጋር። ዐሥር ቀኗ ነው።»

«ብቻዋን?»

«ከማን ጋር ትሂድ?» አሮጊቷ ጭነቱን አየች፤ እሱንም አየች። «ስትጠብቅህ ከርማለች። ‹ይመጣል፣ ወንድሜ ቁጡ ነው እንጂ ክፉ አይደለም› ትል ነበር። ከገበያ የተመለሰች ዕለት ነው ተስፋ የቆረጠችው። ‹ዓይኔን ማየት እንኳ ጠላ› አለችኝ።»

ይታየው ጭነቱን እዚያው አራገፈ። አህያውን ለአሮጊቷ አደራ ሰጠና በመጣበት እግሩ ወደ መኪና መንገድ ወረደ።

ቆላው ሰፊ ነው። ከእርሻ ወደ እርሻ፣ ከዳስ ወደ ዳስ ስሟን እየጠራ አራት ቀን ዞረ። ስሟን ሲጠራ «ምንህ ናት?» ይሉታል፤ «እህቴ» ሲል «ታዲያ ምን ልታደርግ መጣች?» ይሉታል። እሱም ወደሚቀጥለው ዳስ ያልፋል። በአምስተኛው ቀን አንዲት ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ፣ ከሌሎች በሽተኞች መካከል ሰሌን ላይ ተኝታ አገኛት። ወባ ነው። ከንፈሯ ደርቋል፤ መዳፏ በአረም ተላልጧል። ስታየው ደንግጣ በክርኗ ተነሣች።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም» አላት።

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

ይታየው ከጎኗ ተንበረከከ። መንገዱን ሁሉ ሲያዘጋጀው የመጣው ንግግር ነበረ፤ ጠፋበት። አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ፣ «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ» አለ። በሕይወቱ እንደዚያ የከበደ ቃል አውጥቶ አያውቅም።

እናኑ ፊቱን እያየች ጠበቀች። ከዚያ ጆሮዋን ነካች። «በዚህኛው አልሰማም፤ ትኩሳቱ ይዞት ሄደ። ምን አልከኝ? በዚህ በኩል ዞረህ ንገረኝ።»

ይታየው ተነሣ። በሽተኞቹ ያዩታል፤ የሚያስታምሙትም ያዩታል። እግሯን ዞሮ በወዲያኛው በኩል ተንበረከከ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። ዳግም ዝቅ ባለ ድምፅ ሊል ፈለገ፤ እንዳትሰማው ፈራና ጮክ አለ። «በድዬሻለሁ፣ እናኑ! ይቅር በዪኝ!»

እናኑ ዓይኑን ዓይኑን አየችው። «መበደልህን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«በጾሙ። መጋቢት ላይ።»

«የዘንድሮ መጋቢት?»

«አዎ።»

በተላጠ ጣቷ ወሩን ቆጠረች። «እንግዲያ ጨው ተራ የተደበቅኸው… አውቀህ ነበር?»

«አፍሬ ነው። ባዶ እጄን ነበርኩ።»

«እኔ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር» አለች እናኑ። «የወንድም ጥላቻ ሲሆን አገሩን ጥዬ ልሂድ ብዬ መጣሁ። ማፈርህን ባውቅ ኖሮ የትም አልሄድም ነበር፤ እኔው ራሴ ወርጄ እይዝህ ነበር።» ከዚያ ፊቷን አዞረች። «እጅህን ሞልተህ ና ማን አለህ?»

ይቅርታ አደረገችለት። እስክታገግም አጠገቧ ሰነበተ፤ ከዚያ ይዟት ተመለሰ። የታመመው ጆሮ ግን አልተመለሰም። ጭንጫውም በዚያ ዓመት ሳይዘራ አለፈ፤ ከታች በመስከረም የዘሩትን ሽምብራ ለሁለት በሉ። ካቡን አፈረሰው። ሁሉን አይደለም፤ አህያ ከነጭነቱ የሚያሳልፍ ያህል በሦስት ቦታ። በቀጣዩ በጋ ወንድምና እህት ያንን ሣር ከሾላው ሥር ጀምረው እስከ ተረተሩ ድረስ ክሩን ሳይበጥሱ እየተከተሉ ነቀሉት። ጎረቤቶች አዩና አንዳንዶቹ ድንበር ሳይሉ አብረው ወጡ፤ አንዳንዶቹ ሳቁ። የሳቁት ማሳ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

ጌጡ አንገቱን እንደደፋ ነበር። «ሀፍረቱስ፣ እማሆይ? በመጨረሻ ለቀቀው?»

እማሆይ አጸደ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አለቀቀውም። በተጠራበት ሁሉ ከእህቱ ጋር ሲሄድ በደህናው ጆሮዋ በኩል ነበር የሚሄድ። ስቶ በሌላው በኩል የተናገራት ቀን፣ ቃሉ ሳይደርሳት ሲቀር፣ ፊቱ ሲቀላ ሰው ያየዋል። አርጅቶም እንዲሁ ነበር። መጋቢት ላይ ቢሄድ ኖሮ የሚያፍረው በሁለት ነገር ነበር፤ በካቡና በስልቻው። አራት ወር ስለቆየ በጆሮዋም ጭምር የሚያፍር ሆነ። የቆየበት ያተረፈለት ይህ ነው።»

እማሆይ እንዝርታቸውን ወደ ጎን አኖሩ።

«ስማኝ ልጄ» አሉት። «ያ ሣር አገር የያዘው ብርቱ ሆኖ አይደለም። ብትይዘው ክር ነው፤ በጥፍር ይበጠሳል። አንዱ ቡቃያ ደልዳላ መሬት፣ አንዱ ድንጋይ ይደርሰዋል፤ የተመቸው ያልተመቸውን ስለሚያጠጣ ሁሉም ይኖራል። አንተና ወንድምህ አንድ ክር ነበራችሁ። ለአንተ ጥቁሩ አፈር ደረሰህ፤ እሱ ከጣሪያ ወድቆ ድንጋይ ላይ ቀረ። አንተ ማጭዱን አነሣህ። ይህ አንዱ ጥፋትህ ነው፤ ይህንንስ አውቀኸዋል። ሁለተኛውን ነው ያላወቅኸው። ስምንት ወር አልጋ ላይ ሆኖ በሩን የሚያይ ሰው፣ ወንድሜ አፍሮ ነው የቀረ አይልም። ጠልቶኝ ነው ይላል። አንተ እዚህ ጉቶ ላይ ተቀምጠህ ሀፍረትህ እስኪለቅህ ስትጠብቅ፣ እሱ እዚያ እየደረቀ ነው።»

ጌጡ ፊቱ ቀልቶ፣ «በምን ፊቴ ነው የምገባው፣ እማሆይ?» አለ።

«በዚሁ በቀላው ፊትህ ግባ» አሉት። «ወንድምህ ሊያየው የሚገባው እሱን ነው።»